ያገለገለ ጀልባ ሲገዙ የአምራቹን ዋስትና ወደ ስምዎ የማዛወር አካሄድ

ያገለገለ ጀልባ የሚገዛ ሰው ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፣ የጀልባውን አካል ዙሪያውን ይፈትሻል፣ በዋጋ ይከራከራል፤ የአምራቹ ዋስትና ትዝ የሚለው ግን ብዙውን ጊዜ ከፍሎ ከተረከበ በኋላ ነው። ለዝውውሩ የሚያስፈልጉት ፊርማና ሰነዶች በሻጩ እጅ ስለሆኑ፣ ጥያቄው መነሳት ያለበት ከክፍያ በፊት ነው። ሻጩ «ዋስትና አለው» ሲል አይዋሽ ይሆናል፤ ለእርሱ አለው፤ ለገዢው መትረፉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በአንድ ጀልባ ላይ ያለው ዋስትና አንድ ብቻ አይደለም። የጀልባውን አካል የሠራው ድርጅት የሚሰጠው ለብቻው ነው፤ ሞተሩ የያማሃ፣ የሱዙኪ ወይም የመርኩሪ ከሆነ የሚጠየቀው የሞተሩ አምራች ነው፤ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎቹና ተጎታቹም የየራሳቸው ዋስትና ሊኖራቸው ይችላል። አንዱን ማዛወር ሌላውን አያዛውርም።

ስለዚህ ሁለት ቁጥሮችን ከጀልባው ላይ ራስዎ ይቅዱ። የመጀመሪያው ለመኪና የሻንሲ ቁጥር እንደሆነው ሁሉ የጀልባው መለያ ሲሆን፣ ዘወትር በጀልባው ኋለኛ ገጽ፣ በስተቀኝ ከላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ሁለተኛው የሞተሩ መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሮቹ በሽያጭ ሰነዱ ላይ ካሉት ጋር በአንድ ፊደል እንኳ ከተለያዩ፣ ልዩነቱ ሳይጣራ ውል አይፈርሙ።

ቁጥሮቹን ይዘው ለየአምራቹ ወይም ለሕጋዊ ወኪሉ በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ዋስትናው መቼ ተጀመረ፣ መቼ ያበቃል፣ ከዚህ በፊት ተዛውሯል ወይ? ዘመኑ የሚቆጠረው ጀልባው አዲስ ሆኖ ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ ዝውውሩ ዕድሜውን አያድስም። አንዳንድ አምራቾች አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚፈቅዱ ሦስተኛው ባለቤት ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል፤ «ዕድሜ ልክ» የተባለውም ለመጀመሪያው ባለቤት ብቻ ሆኖ ለሁለተኛው የሚያጥርበት ጊዜ አለ። ጀልባው ለኪራይ ወይም ለሌላ የንግድ ሥራ ውሎ ከሆነም ዋስትናው ሊያጥር ወይም ሊቀር ስለሚችል ይህንንም ይጠይቁ።

ዋስትናን ከሚያሰናክሉት ነገሮች አንዱ የሰርቪስ መዝገብ መጓደል ነው። በጀልባው ውጭ የሚገጠሙ ሞተሮች በተለምዶ የመጀመሪያ ሰርቪሳቸው ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ቀጣዮቹ ደግሞ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየዓመቱ፣ ከሁለቱ በቀደመው ይደረጋሉ። ደረሰኞቹን ከሻጩ ይቀበሉ፤ በዘመናዊ ሞተሮች ላይ ወኪሉ ከሞተሩ ኮምፒውተር የሚያነበውን የሥራ ሰዓትም ከደረሰኞቹ ጋር ያስተያዩ።

ሽያጩ እንደተፈጸመ የማዛወሪያ ቅጹን ከሻጩ ጋር ሞልተው፣ ከሽያጭ ውሉ ቅጂና ካለ ከማዛወሪያው ክፍያ ጋር ይላኩ። የጊዜ ገደቡ አጭር፣ በብዙዎቹ ዘንድ 30 ቀን ያህል ሊሆን ስለሚችል ነገ ዛሬ አይበሉ። አምራቹ በወኪሉ በኩል ፍተሻ ከጠየቀ ወጪው ብዙ ጊዜ የገዢው ስለሆነ፣ ማን እንደሚከፍል አስቀድመው ከሻጩ ጋር ይስማሙ። ቅጹን መላክ ብቻውን ዝውውር አይደለም፤ ስምዎ፣ የሚመለከተው መለያ ቁጥርና የዋስትናው ማብቂያ ቀን የሰፈሩበት የማረጋገጫ ደብዳቤ ከየአምራቹ እስኪደርስዎ ድረስ ጉዳዩን ይከታተሉ።