ፖላሪቶኑ አልከፈል ሲል
ደብረ ብርሃን ቁጭ ብላችሁ በላፕቶፕ ብቻ የብርሃንና የሞለኪውል ንዝረት ጥምረትን (ፖላሪቶንን) ለምታሰሉ፦ በፓይተን የትራንስፈር ማትሪክስ ስሌት (ብርሃን በንብርብሮች ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ የሚያሰላ ዘዴ) በሁለት የወርቅ መስታወቶች መሃል ፒኤምኤምኤ የተባለውን ግልጽ ፕላስቲክ አስገብቼ፣ የሞገድ ቁጥር 1730 በሴንቲሜትር ላይ ያለው የካርቦኒል (የካርቦንና የኦክስጅን ድርብ ትስስር) የንዝረት ፒክ ለሁለት እንዲከፈል ብጠብቅ ንቅንቅ አላለም። የሞገድ ቁጥሩን እርምጃ አጠበብኩ፤ ወርቁን አወፈርኩ። የካርቦኒሉን ብርሃን የመምጠጥ ጉልበትም ጨመርኩ (አይመከርም፤ ሌላ ሞለኪውል መፍጠር ነው)። ምንም።

የፈታው የካርቦኒሉን መምጠጥ ብቻ አጥፍቶ ባዶውን ካቪቲ (በመስታወቶቹ መሃል ያለውን ክፍተት) ማስኬድ ነው። ሞዶቹ (ክፍተቱ ውስጥ ብርሃን የሚያስተጋባባቸው የሞገድ ቁጥሮች) ከ1170 እና ከ2340 ትንሽ ዝቅ ብለው ተቀምጠዋል፤ 1730 መሃል ሜዳ ላይ ቀርቷል። ለካ ለክፍተቱ የሰጠሁት 2.89 ማይክሮሜትር ውፍረት ለአየር የተሰላ ነው። ለፒኤምኤምኤ የብርሃን ስብረት መጠን 1.48 ሲካፈል 1.95 ይሆናል። ብርሃን ወርቁ ውስጥም ትንሽ ዘልቆ ስለሚገባ፣ ባዶው ሞድ 1730 ላይ እስኪያርፍ ከዚያም ጥቂት ቀነስኩ። ካርቦኒሉን ስመልሰው ከ1730 በታችና በላይ ሁለት ፒኮች ወጡ።