በኦገስታ ካውንቲ የፍርድ ቤት መዛግብት የቀደምት ሰፋሪዎችን ቤተሰብ አፈላለግ

በቨርጂኒያ፣ በሸናንዶዋ ሸለቆ በምትገኘው ኦገስታ ካውንቲ ቀድመው የሰፈሩ ቤተሰቦችን የዘር ሐረግ ለማጥናት የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው የልደትና የጋብቻ መዝገብ ነው፤ እሱን ሲያጣም መንገዱ የተዘጋ ይመስለዋል። ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ ዘራቸው ከሰሜን አየርላንድ የሆነ ፕሬስቢቴሪያኖች፣ ማለትም ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ፤ የቅኝ ግዛቱ ሕግ ግን በ1780 እስኪሻሻል ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጋብቻ የመፈጸምን ሥልጣን ለእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህናት ብቻ ስለሰጠ፣ የብዙዎቹ ጋብቻ በካውንቲው መዝገብ አልሰፈረም። ስለዚህ ፍለጋው ከፍርድ ቤት፣ ያውም ከክርክሩ ቢጀምር ይሻላል፤ ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ የኖረ ሰው የሚተወው ወረቀት ጥቂት ነውና።

አስቀድመው የካውንቲውን ወሰን በየዘመኑ ይለዩ። ኦገስታ ከኦሬንጅ ካውንቲ ተከፍላ እንድትቋቋም በ1738 ቢወሰንም የራሷ ችሎት የተሰየመው በዲሴምበር 1745 ነበር፤ በመካከሉ ባሉት ዓመታት የተፈጸመ ሽያጭም ሆነ የተነበበ ኑዛዜ የሚገኘው በኦሬንጅ ነው። በ1740 በርካታ የቤተሰብ አባወራዎች ከአየርላንድ በፊላደልፊያ በኩል መምጣታቸውን በመሐላ አረጋግጠው መሬት የመጠየቅ መብት ያስመዘገቡትም በዚያው በኦሬንጅ ችሎት ፊት ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቦተቱርት በ1770፣ ሮክብሪጅና ሮኪንግሃም በ1778 ከኦገስታ ተቆርጠው ወጥተዋል፤ በዚህም ምክንያት ከእርሻው ንቅንቅ ሳይል የኖረ ገበሬ በሁለትና በሦስት ካውንቲ መዝገብ ሊገኝ ይችላል።

ቀጥሎ የመሬት ውሎችን ያንብቡ። ዊልያም ቤቨርሊ በ1736 የተሰጠው መሬት 118,491 ኤከር ሲሆን ብዙ ሰፋሪዎች ድርሻቸውን የገዙት ከእሱ ነበር። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሳስት አንድ ልማድ አለ፦ መሬቱ በአንዱ ቀን በ5 ሺሊንግ ለአንድ ዓመት የተከራየ ይመስልና በማግስቱ በተጻፈ ሌላ ሰነድ በእውነተኛው ዋጋ ይተላለፋል። ሁለቱ አንድ ሽያጭ ስለሆኑ ገዢውን ተከራይ ነበር ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ደግሞ ሚስቲቱ ባሏ በሌለበት ተጠይቃ፣ ከመሬቱ የሚደርሳትን የመበለትነት ድርሻ በፈቃዷ መተዋን የገለጸችበትን ቃል ይፈልጉ፤ የአንዲት ሴት ስም በመዝገብ የሚገኘው በዚህ ቦታ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት ግን ቻንስሪ በሚባለው የርትዕ ችሎት (ከሕጉ ጥብቅ ቃል ይልቅ በፍትሐዊነት በሚዳኘው ችሎት) የታዩት ጉዳዮች ናቸው። አባት ሳይናዘዝ ሞቶ ልጆች በውርስ ሲካሰሱ፣ ከሳሹ ወራሾቹን ሁሉ በስም መዘርዘር፣ ያገቡትን ሴቶች ከነባሎቻቸው መጥራት፣ ርቀው የሄዱትንም የት እንዳሉ መግለጽ ነበረበት። ሽማግሌ ምስክሮችም ዕድሜያቸውን ከተናገሩ በኋላ ሟቹን ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁት፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ድንበሩ በየትኛው ወንዝ እንደሚያልፍ ይመሰክራሉ። ከ1746 እስከ 1912 የተከማቹት የኦገስታ መዝገቦች በሪችመንድ በሚገኘው በቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት ተደራጅተው በኢንተርኔት በነጻ ይታያሉ። ሲፈልጉ የከሳሽና የተከሳሽን ስም ብቻ አይመልከቱ፤ የቤተሰቡ ስም በምስክርነት ወይም በዋስነት ብቻ ተጠቅሶ ሊሆን ይችላል።

በችሎት ውሎ መዝገብ ውስጥ «ወላጅ የሌለው ልጅ» የሚል ቃል ሲገጥምዎት እናቱም ሞታለች ብለው አይደምድሙ፤ በዚያ ሕግ ይህ ስም አባቱ ለሞተበት ልጅ ሁሉ ይሰጥ ነበር። ልጁ ሞግዚቱን ራሱ ከመረጠ ቢያንስ 14 ዓመት ሞልቶታል ማለት ስለሆነ የልደቱን ዘመን ከዚህ መገመት ይቻላል።

በባርነት የተያዙ ሰዎችን ዘር የሚከታተል ሰው ሌላ መንገድ ይዞ መሄድ አለበት። ስማቸው የሚገኘው በባለቤቱ ኑዛዜ፣ በሟች ንብረት ዝርዝርና በውርስ ክፍፍል ውስጥ፣ ከፈረስና ከከብት ጋር ተደርድሮ ነው፤ ማንበቡ ቢከብድም እናትን ከልጆቿ ጋር የሚያያይዝ ሌላ ጽሑፍ ላይኖር ይችላል። ነጻ የወጡት ደግሞ ከ1793 ሕግ በኋላ በፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ዘንድ መመዝገብ ስለነበረባቸው፣ መዝገቡ ዕድሜያቸውንና መልካቸውን፣ እንዴት ነጻ እንደወጡም ይገልጻል።

ስለ ዘመን አቆጣጠርም አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ ዓመት በጃንዋሪ እንደማይጀምር የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመቀበል አይቸገርም፦ ከ1752 በፊት በእንግሊዝ ግዛቶች ዓመቱ የሚለወጠው በማርች 25 ስለነበር፣ ፌብሩዋሪ 1745 ተብሎ የተጻፈው በዛሬው አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 1746 ነው።

በመጨረሻም አንድ ስም ያላቸውን ሰዎች እንዳያደባልቁ ይጠንቀቁ። «ታላቁ» እና «ታናሹ» የሚሉት ቅጽሎች በዚያ ዘመን አባትና ልጅን ብቻ ሳይሆን ዝምድና የሌላቸውን ሁለት ጎረቤታሞችም ይለዩ ነበርና፣ ሰውየውን በሚስቱ ስም፣ በሚኖርበት ወንዝና በዋሶቹ ይለዩት። ዱካው በድንገት ከጠፋም የመጥሪያውን ጀርባ ያንብቡ፤ ሸሪፉ ተከሳሹን ሲያጣው ምክንያቱን የሚጽፈው እዚያ ላይ ነውና፣ ወደ ካሮላይና ሄዷል የሚል ቃል ካገኙ ቀጣዩ ፍለጋ በዚያ ባሉ ካውንቲዎች የመሬት መዝገብ ይሆናል።