አሜሪካ የት ከተማ እንረፍ? የጥቁሮች ማኅበረሰብ የጠነከረበትን ከተማ አመራረጥ፣ ከወሎ ለሚነሳ ቤተሰብ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ቪዛ የተመታለት ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አሜሪካ ማን አለን?» ብሎ ነው። የአክስት ልጅ ሲያትል ካለች ሲያትል ይኬዳል፤ የሰፈር ልጅ ዳላስ ካለ ዳላስ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ለአሥር ዓመት ኑሮ ግን አይበቃም። ዘመዳችሁ ከተማውን የመረጠው ምናልባት ነጠላ እያለ፣ ያኔ ባገኘው ሥራና ሶፋውን በለቀቀለት ጓደኛ ምክንያት ነው፤ እናንተ ደግሞ ሦስት ልጅና አንዲት እናት ይዛችሁ ነው የምትሄዱት።

ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት ሀበሻ የበዛበትን ብቻ መፈለግ ነው። ልጃችሁ ክፍል ሲገባ መምህሩም፣ ጓደኞቹም፣ መንገድ ላይ የሚያስቆመው ፖሊስም የሚያዩት ጥቁር ልጅ ነው። የወረባቦ ይሁን የየጁ ማንም አይለይም፤ የሚሞላው ቅጽ ላይ ያለውም «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» የሚል አንድ ሳጥን ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር አብሮ ይታያል፦ ለቅሶና ሠርግ የምትደርሱበት የሀበሻ ማኅበረሰብ፣ እና ልጆቻችሁ ራሳቸውን በመምህርነት፣ በሐኪምነት፣ በከንቲባነት የሚያዩበት የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበረሰብ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ወሎ ተወልዶ ሐረር ያደገው ዶክተር መላኩ በያን ዋሽንግተን በሚገኘው፣ በታሪክ የጥቁሮች በሆነው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ፣ ጥቁር አሜሪካዊት አግብቶ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ጥቁር አሜሪካውያንን ከኢትዮጵያ ጎን ለማሰለፍ እንደ ፈረንጆቹ በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን አቋቁሟል። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ቁጥሩን ራሳችሁ አውጡ

ስልክ ይዛችሁ የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ፣ ማለትም ሴንሰስ፣ ድረ ገጽ ላይ «ኩዊክ ፋክትስ» የሚለውን ክፍል ክፈቱ። የከተማውን ወይም የካውንቲውን (ከክልል በታች ያለውን አስተዳደር) ስም ስትጽፉ የጥቁሮች ድርሻ፣ የአማካይ ቤተሰብ ገቢና የቤት ኪራይ በአንድ ገጽ ይመጣል። ለአምስት ወይም ስድስት ከተማ ቁጥሩን ደብተር ላይ አስፍሩ። በ2020 ቆጠራ ዋሽንግተን ዲሲ 41 በመቶ ገደማ ጥቁር ነበር፤ አትላንታ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ባልቲሞር 60 በመቶ አካባቢ፣ ዲትሮይት ከሦስት አራተኛ በላይ። ሲያትል ግን 7 በመቶ አይዘልም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የመቶኛ ቁጥር ብቻውን ያሳስታል። ዲትሮይት በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት፤ በ2020 ወደ 640 ሺህ ወርዳለች። የጥቁሮች ድርሻ ከፍ ያለው ነጮችም፣ በኋላም አቅም ያላቸው ጥቁሮች፣ ከመኪና ፋብሪካዎቹ ጋር ስለወጡ ጭምር ነው። ዲሲን የሚያዋስነው የሜሪላንዱ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ በአንጻሩ አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር ሆኖ በገቢ ደረጃም ከአገሪቱ ጠንካራ የጥቁር ማኅበረሰቦች አንዱ ነው፤ ብዙ የመንግሥት ደመወዝተኛና የቤት ባለቤት አለበት። ስለዚህ ሦስት ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ የጥቁሮች ድርሻ፣ የቤተሰብ ገቢ፣ እና የሕዝቡ ብዛት ካለፉት ሁለት ቆጠራዎች ወዲህ ጨመረ ወይስ ቀነሰ። ሦስተኛው ቁልቁል እየሄደ ከሆነ ትምህርት ቤት እየተዘጋ፣ አውቶቡስ እየቀነሰ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ «አትላንታ ነው የምኖረው» ያላችሁ ሰው ብዙ ጊዜ አትላንታ አይኖርም። ክላርክስተን፣ ዲካተር ወይም ስቶን ማውንቴን ነው፤ ሁሉም ዴካልብ በሚባል ካውንቲ ውስጥ ናቸው። ትምህርት ቤቱም፣ ግብሩም፣ ፖሊሱም የሚለየው በካውንቲና በከተማ ስለሆነ ዘመዳችሁን የሰፈሩን ስም ሳይሆን የፖስታ ቁጥሩን፣ ዚፕ ኮዱን፣ ጠይቁት።

ደላላው የማይመልሰው ጥያቄ

አገራችን ቤት ስንፈልግ ደላላውን «እዚያ ሰፈር እነማን ናቸው?» ብለን እንጠይቃለን፤ ደሴ ከሆነ ሆጤ ይሻላል ወይም ሰኞ ገበያ ይሻላል ብሎ ይነግረናል። አሜሪካ ውስጥ የቤት ወኪል «ጥቁሮች የሚበዙት የት ነው?» ብትሉት ዝም ይላል ወይም ወሬ ይቀይራል። ስለናቃችሁ አይደለም። በ1968 የወጣው የፍትሐዊ ቤት ሕግ ተከራይን ወይም ገዢን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በትውልድ አገሩ መከልከልን ብቻ ሳይሆን ወደ አንድ ሰፈር መምራትንም ይከለክላል። ጥያቄውን ለሴንሰስ ገጽ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ለመስጊዱና ለፀጉር ቤቱ አቅርቡት። የጥቁሮች ፀጉር ቤት ቅዳሜ ጠዋት ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ስለ ሰፈሩ ከአንድ ሳምንት የኢንተርኔት ፍለጋ የበለጠ ያስተምራል።

ሕጉ ለምን እንደወጣ ማወቅም ይጠቅማል። በ1930ዎቹ የመንግሥት የቤት ብድር ካርታዎች የጥቁሮችን ሰፈር በቀይ ቀለም ያስምሩና ብድር እንዳይገባበት ያደርጉ ነበር። ብዙ ከተማ ውስጥ አንድ ሰፊ መንገድ ተሻግራችሁ የሱቁም፣ የዛፉም፣ የትምህርት ቤቱም መልክ ድንገት የሚለወጠው የዚያ መስመር ጠባሳ ስለሆነ ነው። ከቀደሙ ሀበሾች «ጥቁር ሰፈር አትግቡ» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ይህን ምክር አትቀበሉ፤ ግን የወንጀል ካርታውንም ሳታዩ ውል አትፈርሙ። የከተማው ፖሊስ ድረ ገጽ ላይ የሚታየው መረጃ በሰፈር ሳይሆን በጎዳና ደረጃ ይነበባል፤ ሁለት ጎዳና ልዩነት ያመጣል።

ኪራዩን በእርሳስ አስሉ

ሜሪላንድ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው ግብር ሳይቆረጥ በወር 2,600 ዶላር ያገኛል። አከራዮች በአብዛኛው ገቢያችሁ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ አንድ ሠራተኛ የሚፈቀድለት 866 ዶላር አካባቢ፣ ባልና ሚስት ሁለቱም ቢሠሩ 1,733 አካባቢ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ በዚህ ዋጋ ባለ ሁለት መኝታ ማግኘት ከባድ ነው። ብዙ አዲስ ገቢ ቤተሰብ ቤዝመንት፣ ማለትም የሰው ቤት ምድር ቤት፣ የሚከራየው ለዚህ ነው።

ጆርጂያና ቴክሳስ በሕግ የሚሠራው ዝቅተኛ ክፍያ የፌዴራሉ 7.25 ነው። መጋዘኖችና ፋብሪካዎች ከዚያ በላይ ይከፍላሉ፤ ሆኖም የሕግ ወለሉ ዝቅ ያለበት አገር የሥራ ማስታወቂያውን አንብቦ ትክክለኛውን የሰዓት ክፍያ ማየት ግድ ነው። ቴክሳስ የክልል የገቢ ግብር የለውም፤ ይህን ሰምታችሁ ግን ሂሳቡን አትዝጉ። ዳላስም አትላንታም ያለ መኪና አይኖርባቸውም። ሁለት ሠራተኛ ያለው ቤት ሁለት መኪና፣ ሁለት ኢንሹራንስ፣ ነዳጅና ጥገና ኪራይ ላይ ጨምሮ መደመር አለበት። ከዲሲ የከተማ ባቡር፣ ከሜትሮ፣ ጣቢያ በእግር 15 ደቂቃ ውስጥ ቤት ያገኘ ሰው ከፍ ያለ ኪራይ ከፍሎም ሊያተርፍ የሚችለው በዚህ ነው።

ሌላው ግድግዳ ክሬዲት፣ ማለትም ብድርና ዕዳ በወቅቱ የመክፈል ታሪክ፣ ነው። እንደ መጣችሁ የክሬዲት ታሪክ የላችሁም፤ አከራዩ ወይ የሚፈርምላችሁ ዋስ ወይ ከፍ ያለ ዲፖዚት (የማስያዣ ገንዘብ) ይጠይቃል። ዘመድ ለመኖሪያ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ፊርማም ስለሚያስፈልግ ከመነሳታችሁ በፊት «ትፈርምልናለህ ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ይሉኝታ ይዞን ይህን ሳንጠይቅ ሄደን፣ እዚያ ስንደርስ ነው ቅያሜ የሚመጣው።

ከተሞቹ

ዲሲ ከነሜሪላንድና ሰሜን ቨርጂኒያ ዳርቻው ሁለቱንም ማኅበረሰብ በአንድ ቦታ የያዘ ነው። በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ እዚህ ነው፤ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ከ1867 ጀምሮ እዚሁ አለ። በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ ምክንያት የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ያስተናግዳሉ፤ የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተናም በአማርኛ አለ። እንግሊዝኛ ለማታውቅ እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጉዳቱ ውድነቱ ነው። አንድ ሌላም አለ፦ ሀበሻ ከመብዛቱ የተነሳ ሰው አሥር ዓመት ኖሮ እንግሊዝኛው ሳይሻሻል ይቀራል።

አትላንታ የጥቁሮች ኃይል በግልጽ የሚታይበት ከተማ ነው። በ1973 ሜናርድ ጃክሰን ከተመረጠ ወዲህ ከንቲባዎቹ ሁሉ ጥቁሮች ናቸው፤ በታሪክ የጥቁሮች የሆኑት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲ፣ ሞርሃውስ፣ ስፔልማንና ክላርክ አትላንታ፣ ጎን ለጎን ናቸው። ክላርክስተን ከብዙ አገር የመጡ ስደተኞች የሰፈሩባት ትንሽ ከተማ ስትሆን ትምህርት ቤቶቿ አዲስ ገቢ ልጅ ማስተማር ለምደዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2023 ጀምሮ ወደ አትላንታ ይበራል። የበጋው ሙቀት ባቲን ያስታውሳል፣ እርጥበቱ ግን ይብሳል።

ለሙስሊም ቤተሰብ ፊላዴልፊያን ሳይመለከቱ ማለፍ ያስቆጫል። ከሕዝቡ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ጥቁር ነው፤ ትውልዶችን የተሻገረ የጥቁር ሙስሊሞች ማኅበረሰብ ስላለ ሒጃብ ያደረገች ልጅ በክፍሏ ብቻዋን አትሆንም። የሀበሻው ቁጥር ግን ከዲሲ ጋር አይወዳደርም፤ መንገዱ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ስለሆነ ለበዓል ይደረሳል።

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ኦሮሞዎችና ሶማሌዎች በብዛት ያሉባቸው፣ ሥራ የማይጠፋባቸው ከተሞች ናቸው። «የደሴን ብርድ የለመደ ምን ይሆናል?» የሚል ሰው የጥር ወር አማካዩ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን ይወቅ፤ ጦሳ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ዴንቨርና አውሮራ በከፍታ ለአገራችን ይቀርባሉ፣ 1,600 ሜትር ገደማ፤ ሀበሻው ብዙ ነው፣ የጥቁር አሜሪካዊው ማኅበረሰብ ግን ትንሽ ነው።

ቅሬውን ጠይቁ

ወሎ ውስጥ ሰፈር የሚለካው በቅሬው ነው። አሜሪካ ያሉት ማኅበራት በአብዛኛው እድር ይባላሉ፤ ስሙ ይለያይ እንጂ የሚጠየቀው አንድ ነው፦ መመዝገቢያው ስንት ነው? ከተመዘገቡ ስንት ወር ካልሞላ ክፍያ የለም? አገር ቤት ያለ ወላጅ ቢሞት ይቆጠራል? አስከሬን ወደ አገር ይልካል ወይስ እዚያው መቅበሪያ አለው? የመጨረሻው ጥያቄ እናት ወይም አባት ይዞ ለሚሄድ ሰው ከኪራዩ እኩል ነው፤ አስከሬን ማስመለስ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። የብዙዎቻችን ቤት አንዱ ወገን ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው መስጊድ ስለሚሄድ ደግሞ እድሩ ሁለቱንም ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዱ በደብር ወይም በመስጊድ ስም የተቋቋመ ነው፤ ወሎ የለመድነውን ክርስቲያንና ሙስሊም ተረዳድቶ የሚቀባበርበትን ቅሬ በሁሉም ቦታ አታገኙም።

ኖራችሁ ሞክሩ

ሙሉ ዓመት ውል ከመፈረማችሁ በፊት በወር የሚከፈል ክፍል ይዛችሁ ስድስት ሳምንት ያህል ኑሩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማክሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት ወደ ሥራ የሚወስደውን አውቶቡስ ተሳፍራችሁ ደቂቃውን ቁጠሩ፤ ቅዳሜ ማታ ሰፈሩን በእግር ዙሩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ያልነው በአገራችን አቆጣጠር ነው፤ እዚያ ሰባት ሰዓት ይሉታል፣ በዚህ ምክንያት የመጀመሪያ የሥራ ቀኑ ያለፈው ብዙ ነው። ልጅ ያላችሁ ትምህርት ቤቱን በአካል ጎብኙ። የሕዝብ ትምህርት ቤት በአድራሻ ስለሚመደብ መንገዱን ተሻግሮ ያለው አፓርታማ ሌላ ትምህርት ቤት ሊያደርሳችሁ ይችላል። እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች ስንት መምህር እንዳለና ከመምህራኑ ምን ያህሉ ጥቁሮች እንደሆኑ ጠይቁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ካለ ደግሞ ክልሉ ራሱ ይመዝናል፦ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዝቅ ያለውን የነዋሪ ክፍያ ለማስከፈል በአብዛኛው የአንድ ዓመት ነዋሪነት ይጠይቃል። ሜሪላንድ የሰፈረ ቤተሰብ ልጁን በታሪክ የጥቁሮች ወደሆኑት ሞርጋን ስቴት ወይም ቦዊ ስቴት በዚህ ክፍያ መላክ ይችላል፤ ሃዋርድ ግን የግል ስለሆነ ነዋሪነት ክፍያውን አይቀንስም።

በፎቶ ብቻ ላያችሁት ቤት ከደሴ ሆናችሁ ዲፖዚት አትላኩ። አስመስለው የሚያከራዩ አጭበርባሪዎች የሚያጠምዱት ገና ያልደረሰውን ሰው ነው፤ ምልክቱም ዋጋው ከሰፈሩ በጣም መርከሱና «ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ» መባሉ ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ዘመድ ሄዶ በሩን ከፍቶ ይይ።

ከተማ ስትቀይሩ፣ ከዘመድ ቤት ወደ ራሳችሁ ቤዝመንት መውጣትም ቢሆን፣ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ አዲሱን አድራሻ ማሳወቅ የሕግ ግዴታ ነው። ግሪን ካርዱ የሚመጣው በፖስታ ስለሆነ፣ ገና ሳይደርስ የለቀቀ ሰው ካርዱን የቀድሞው ቤት ፖስታ ሳጥን ውስጥ ነው የሚፈልገው። ለፖስታ ቤቱም የአድራሻ ለውጥ ለብቻው ይሞላል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።