የኢንተርኔት ደረጃ መፈተሻ ለሕዝብ ለምትከፍቱ

ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ የድረ ገጽና የኢሜይል ዶሜይን (የኢንተርኔት ስም) የኢንተርኔት ደረጃዎችን ማሟላቱን የሚፈትሽ መሣሪያ አስተዳድራለሁ። የተነሣሁት ከኔዘርላንዶቹ መፈተሻ ከኢንተርኔት ዶት ኤንኤል (internet.nl) ነው፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ በዶከር (ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው አሽጎ በሚያስነሣ መሣሪያ) ይጫናል። አጫጫኑ መመሪያው ላይ ስላለ አልደግመውም።

ሰርቨሩን ቢሮ ውስጥ አታስቀምጡት። የኛ አገር ብርድ ለማሽን ይስማማል፣ መብራቱ ግን አይታመንም። ቪፒኤስ (በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር) ስትከራዩ ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ አይፒቪ6 (አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት) አለው ወይ? ወደ ውጭ የሚወጣው ፖርት 25 (ሰርቨሮች ኢሜይል የሚለዋወጡበት በር) ክፍት ነው ወይ? ብዙ አከራዮች አይፈለጌ መልእክት ፈርተው 25ን ይዘጋሉ፤ ያኔ የስታርትቲኤልኤስ (የኢሜይል ጉዞ ምስጠራ) ፍተሻ የለም ማለት ነው። አይፒቪ6 የሌለው ሰርቨር ደግሞ በአይፒቪ6 ፍተሻ ጤነኛውን ዶሜይን ሁሉ ይጥላል።

ዲኤንኤስ ዶሜይንን ወደ ሰርቨር አድራሻ የሚመራው መዝገብ ነው፤ ዲኤንኤስሴክ ደግሞ የመዝገቡ ፊርማ። ለዲኤንኤስሴክ እንደ አንባውንድ ያለ ፊርማ የሚያረጋግጥ ሪዞልቨር (አድራሻ ፈላጊ ፕሮግራም) እዚያው ሰርቨሩ ላይ ይኑር። ከዚያ ሆን ተብለው የተበላሹትን ሞክሩ፦ ዲኤንኤስሴክ-ፌይልድ ዶት ኦርግ (dnssec-failed.org) ለፊርማ፣ ባድኤስኤስኤል ዶት ኮም (badssl.com) ለሰርተፍኬት። መሣሪያችሁ እነዚህን ካሳለፈ ሚዛኑ የተዛባ ነጋዴ ሆናችኋልና አትክፈቱት።

አብዛኛውን ጊዜዬን የሚወስደው የውጤቱ አጻጻፍ ነው። የመንዝ ባና የሚሸጥ ሰው ዶሜይኑን አስገብቶ «የዲማርክ ፖሊሲ፦ ነን» የሚል ቀይ መስመር ቢያይ ምን ያደርጋል? ዲማርክ በስማችሁ የመጣ አስመሳይ ኢሜይል ምን ይደረግ የሚል ትእዛዝ ነው፤ «ነን» (none) ምንም አይደረግ ማለት ነው። እኔ እንዲህ ነው የምጽፈው፦ «ሌላ ሰው በስማችሁ ደረሰኝ ቢልክ ተቀባዩ እንዲያግደው አላዘዛችሁም። ይህን ለኢሜይል ባለሙያችሁ አሳዩ።» ከሥሩ ለባለሙያው አካሄዱን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ፦ መጀመሪያ የዲማርክ ሪፖርቱን ማንበብ፣ ቀጥሎ ኳራንቲን (አጠራጣሪውን ለይቶ ማስቀመጥ)፣ መጨረሻ ላይ ሪጀክት (ጨርሶ አለመቀበል)። ዘሎ ሪጀክት ያደረገ የራሱን ደብዳቤ ሊያሳግድ ይችላል። በአሮጌዎቹ የምስጠራ ስሪቶች በቲኤልኤስ 1.0ና 1.1 ላይም አልከራከርም፤ አርኤፍሲ 8996 የተባለው የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ እ.ኤ.አ. በ2021 ጡረታ አውጥቷቸዋል።

በፍተሻው የወደቁ መሥሪያ ቤቶችን በስም ደርድሩ የሚሉኝ አሉ። አላደርገውም፤ የተዋረደ ሰው በር ይዘጋል እንጂ ዲኤንኤሱን አያስተካክልም።

የፍተሻውን ቁልፍ ማንም መጫን ስለሚችል የአንድን ዶሜይን ውጤት አስቀምጡና ለጥቂት ደቂቃ ያንኑ አሳዩ፤ አንድ ሰው ደጋግሞ ቢጫን የሌላውን ሰርቨር አታስጨንቁም። የኢሜይል ፍተሻው ሰላምታ ሰጥቶ፣ ምስጠራውን አይቶ ይውጣ፤ መልእክት አይላክ። የአይፒያችሁ (የሰርቨራችሁ ቁጥር አድራሻ) ሪቨርስ ዲኤንኤስ፣ ማለትም ከቁጥሩ ወደ ስም የሚመራው መዝገብ፣ ማንነታችሁን ይናገር፤ ሴኩሪቲ ዶት ቲኤክስቲ (security.txt) በተባለው የድረ ገጽ ፋይል ላይ የምትገኙበት አድራሻ ይኑር። «ሰርቨሬን ማን ነው የሚነካካው?» የሚል ቁጡ ደብዳቤ ሲመጣ መልሱለት፤ አትፈትሹኝ ካለም ዶሜይኑን የምታስቀሩበት ዝርዝር ቀድሞ የተዘጋጀ ይሁን።