ሃይላንዱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ደግሞ አዲስ ለሚቀጠሩ የደህንነት ስልጠና እሰጣለሁ። አሲድ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ እንደማይጨመር ሁሉም በቃሉ ስለሚያውቀው አልደጋግመውም። ጋዋን ልበሱ፣ በነጠላ ጫማ አትግቡ የሚለውንም እዘለዋለሁ። የሚያንገበግቡኝ ሌሎች ናቸው።

ኬሚካል በሃይላንድ መቅዳት

ይህን ሳይ ደሜ ይፈላል። ለምን ቢሉኝ፣ እኔው ራሴ አድርጌዋለሁ።

ጀማሪ ሳለሁ ነው። ለዕቃ ማጠቢያ ከበጠበጥኩት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተረፈኝ። ትክክለኛ ጠርሙስ ለማምጣት ስቶር ድረስ መውረድ ነበረብኝ፤ ሰነፍኩ። ባዶ ሃይላንድ አገኘሁና ቀዳሁበት። ምንም አልጻፍኩበትም። ነገ የምጠቀምበት እኔው ነኝ ብዬ ሲንኩ ጠርዝ ላይ ትቼው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ማታ የጽዳት ሠራተኛችን፣ እትዬ የምንላቸው ትልቅ ሴት፣ ሲንኩን በበረኪና ሲያሹ ሃይላንዱን አዩት። የሳሙና ውሃ መሰላቸው። ገለበጡበት።

በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ጉሮሮ ይዘጋል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ሳንባ ይጎዳል። ሳላቸውን የሰማው ጥበቃ ጎትቶ አወጣቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ሥራ ሲገቡ ድምፃቸው ገና እንደሻከረ ነበር። "ልጄ፣ የምን ሳሙና ነው እሱ?" አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ስለዚህ "ለአንድ ቀን ብቻ ነው" የሚለኝን ሰው አልሰማም። የመጠጥ ዕቃ የመጠጥ ነው። ጠርሙሱ ላይ የኬሚካሉ ስም፣ ጥንካሬው፣ የተበጠበጠበት ቀንና የሠራው ሰው ስም ይጻፍ። በማርከር የጻፋችሁትን አልኮል ሲነካው ድራሹ ይጠፋል፤ ላዩን ግልጽ ፕላስተር ለጥፉበት።

ጽዳትና ጥበቃን ከስልጠና ማስቀረት

የዚያ ዓመት ስልጠና ላይ ሁላችንም ፈርመናል። እትዬ ግን አልተጠሩም። ዛሬም በየቦታው የማየው ይህንኑ ነው፦ ዲግሪ ያለው አዳራሽ ገብቶ ሻይ በኩኪስ እየበላ ይሰለጥናል፣ ሲንኩን የሚያጥበውና ማታ ብቻውን የሚያድረው ውጭ ይቀራል። ማስጠንቀቂያው ሁሉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ "አደገኛ ነው፣ አትንኩ" ብሎ ለመጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ጓንት ካደረግሁ አልፈራም ማለት

በ1996 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ፣ ዳርትማውዝ ኮሌጅ ውስጥ ካረን ዌተርሃን የተባለች የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ጓንቷ ላይ ጥቂት ጠብታ ዲሜቲልሜርኩሪ፣ ማለትም እጅግ መርዛማ የሆነ የሜርኩሪ ውህድ፣ ፈሰሰባት። ጓንቱ የላቴክስ ነበር። ኬሚካሉ በጓንቱ አልፎ ቆዳዋ ውስጥ ገባ። ሕመሙ የታወቃት ከወራት በኋላ ሲሆን በሰኔ 1997 ሞተች። የዘርፉ አዋቂ ነበረች፤ በጊዜው ያ ጓንት እንደማይከላከል የሚያውቅ ብዙ ሰው አልነበረም። እኛ ግን ዛሬ እናውቃለን። ለየኬሚካሉ የትኛው ጓንት እንደሚሆን የደህንነት መረጃ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ አንብቡት። በጓንት እጃችሁ ስልክ የምታነሱና በር የምትከፍቱ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ እጀታውን ሌላ ሰው በባዶ እጁ ይይዘዋል።

መርፌ ክዳኑን መልሶ መክደን

አትክደኑ። ያገለገለው መርፌ በቀጥታ ወደ ሴፍቲ ቦክስ፣ መርፌ ወደሚጣልበት ሳጥን። ሳጥኑም ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይቀየር። ከወጋችሁ በውሃና በሳሙና ታጠቡ፣ አትጭመቁት፣ ወዲያው ተናገሩ። አፍረው የሚደብቁ ልጆች አይቻለሁ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በቶሎ ሲጀመር ነው የሚሠራው፤ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም።

"ቢሮ ምን አደጋ አለው?"

ይህን የሚለኝ ሰው ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ስል አንድ ኤክስቴንሽን ላይ ሌላ ኤክስቴንሽን ሰክቶ፣ እሱ ላይ ደግሞ የቡና ምድጃ ሰክቶ አገኘዋለሁ። ገመዱን በእጄ ስነካው ይሞቃል። የእሳት ማጥፊያው የት ነው? ከአሮጌ ፋይል ካርቶን ጀርባ። የኋላው በር? ሌባ እንዳይገባ በሰንሰለት ተቆልፏል፤ ቁልፉ ጥበቃው ኪስ ውስጥ ነው፣ ጥበቃው ምሳ ሄዷል።

ማጥፊያውን ካገኛችሁት ደግሞ ፒኑን ንቀሉ፣ ነበልባሉን ሳይሆን የእሳቱን ሥር እያነጣጠራችሁ ከግራ ቀኝ አዟዙሩ። ትንሿ ግማሽ ደቂቃ ሳትሞላ ታልቃለች። እሳቱ ካየለ ውጡ፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 ደውሉ። ላፕቶፕ አምጥቼ ልምጣ የሚባል ነገር የለም።

ባለፈው ወር ጽዳቶቹና ጥበቃዎቹ ያሉበት ስልጠና እዚያው ላብራቶሪው ውስጥ ሰጠሁ። ገና ስለ ሃይላንድ ማውራት ከመጀመሬ እትዬ እጃቸውን አወጡ። ከላፕቶፔ አጠገብ ወዳለው፣ ምንም ወዳልተጻፈበት ሃይላንድ እያመለከቱ፣ "ይሄስ ምንድን ነው ልጄ?" አሉኝ።

የምጠጣው ውሃ ነበር። ላብራቶሪ ውስጥ።