ሦስቱ ቨርቹዋል ማሽኖቼ በመጨረሻ ተገናኙ

ፒያሳ ያለው ቢሯችን ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ላይ በቨርቹዋልቦክስ (አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎች ኮምፒውተሮችን በሶፍትዌር የሚያስኬድ ፕሮግራም) ኡቡንቱ ሰርቨር የተጫነባቸው ሦስት ቨርቹዋል ማሽኖች አስነሳሁ። ኢንተርኔት ሁሉም ጋ አለ፣ እርስ በርስ ግን ፒንግ (አንዱ ሌላውን ማግኘቱን የሚሞክር ትእዛዝ) እምቢ አለ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አይፒያቸውን (የኔትወርክ አድራሻቸውን) ሳይ ሦስቱም 10.0.2.15! ለካ ናት (NAT) የሚባለው የቨርቹዋልቦክስ የኔትወርክ ምርጫ ለእያንዳንዱ ማሽን የየራሱን የተዘጋ ኔትወርክ ስለሚሰጥ ነው አንዱ ሌላውን የማያየው። ማሽኖቹን አንድ የጋራ ኔትወርክ ውስጥ የሚያስገባ ናት ኔትወርክ (NAT Network) የሚባል ሌላ ምርጫ አለ፣ ስሙ ስለሚመሳሰል በጣም ያሳስታል። እሱን ፈጥሬ ሦስቱንም አስገባሁ።

አሁንም ሁለቱ አንድ አይፒ ያዙ። አንዱን ከሌላው ክሎን ሳደርግ (ስገለብጥ) ማክ አድራሻውን (የኔትወርክ ካርዱን መለያ) ቀይሬ ነበር፣ ማሽን አይዲው (የኡቡንቱው የራሱ መለያ) ግን አብሮ ተገልብጧል፣ አይፒ የሚጠይቀውም በእሱ ነው። ክሎኑ ላይ ማሽን አይዲው የተጻፈበትን ፋይል ባዶ አድርጌ ሪስታርት ሳደርገው አዲስ ፈጠረ፣ ፒንግም መለሰ። ከዋናው ኮምፒውተር ወደ ማሽኖቹ ለመግባት ደግሞ ሆስት-ኦንሊ (ዋናውን ኮምፒውተርና ማሽኖቹን ብቻ የሚያገናኝ) የሚለውን ሁለተኛ የኔትወርክ አዳፕተር ጨምሩ።