«እናቱ ማን ናት?» ሲባል የምንሳሳታቸው ነገሮች

የሮማ ሕግ «እናት ምንጊዜም የታወቀች ናት» ይል ነበር። የሚያከራክረው አባት ነው፤ እናትማ ስትወልድ ታይታለች። እ.ኤ.አ. በ1978 ከማህፀን ውጭ፣ በቤተ ሙከራ የተጸነሰች የመጀመሪያዋ ሕፃን ስትወለድ ግን የእንቁላሉ ባለቤት አንዷ፣ አርጋዧ ሌላዋ የምትሆንበት መንገድ ተከፈተ። ስህተቱም ከዚያ ወዲህ በዛ።

ዋናው፣ የዲኤንኤ ምርመራ ነገሩን ይቋጨዋል ብሎ ማመን ነው። ምርመራው የሚያሳየው የዘር ተዛምዶን ብቻ ነው። በጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ እናት የምትባለው ልጁን የወለደችው ናት፤ እንቁላሉ የማንም ይሁን። በዘር ጉዳይም ቢሆን ምርመራው ይስታል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ አንዲት ሴት፣ አምጣ የወለደቻቸውን ልጆች «ያንቺ አይደሉም» ተባለች። ቀጣዩን ስትገላገል ታዛቢ ቆሞ እያየ ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱ አሁንም «አይደለም» ሆነ! ለካ ሰውነቷ ሁለት የተለያየ ዘረመል ያላቸው ህዋሳት ነበሩት፤ ናሙናው ከአንዱ፣ ልጆቹ ከሌላው።

«በሌላ ሴት እንቁላል ያረገዘች ማደሪያ ብቻ ናት» የሚለውም አባባል ሥነ ሕይወትን አለማወቅ ነው። የጽንሱ ህዋሳት በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ አርጋዧ ደም ይሻገራሉ፤ ከወለደች 27 ዓመት በኋላ እንኳ የተገኘባት ሴት አለች።

ሌላው ስህተት ውል መፈረምን ከእናትነት ጋር ማምታታት ነው። በእንግሊዝ ለሌላ ሰው ያረገዘች ሴት ምንም ብትፈርም ሲወለድ የሕግ እናት እሷ ናት። እናትነቱን ልጁን ላስረገዙት ለማስተላለፍ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ ከወለደች ስድስት ሳምንት ሳይሞላት የሰጠችው ፈቃድም አይቆጠርም። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1993 የእንቁላሉ ባለቤትና አርጋዧ ሲካሰሱ፣ ከመነሻው ልጁ እንዲወለድና ልታሳድገው ያሰበችው ማን ናት ብሎ ጠየቀ፤ ለእንቁላሉ ባለቤት ፈረደ። ስለዚህ በሌላ ሴት ማህፀን ልጅ ለማግኘት ድንበር ከመሻገር በፊት የሁለቱንም አገር ሕግ ማየት ነው።

ከአባትና ከእናት ሌላ፣ ማይቶኮንድሪያው (ለህዋስ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) ከሌላ ሴት እንቁላል የተገኘ ልጅ «የሦስት ወላጆች ልጅ» መባሉ ደግሞ የጋዜጣ ማጋነን ይመስለኛል፤ ማይቶኮንድሪያ የሰጠችው ሴት የምታስተላልፈው 37 ጂን ብቻ ነው።

በመጨረሻ፣ በጉዲፈቻ ያደገን ልጅ «እውነተኛ እናትህስ?» ብሎ መጠየቅ። ሙሉ ጉዲፈቻ በሚፈቅዱ ሕጎች አሳዳጊዋ ያለ ቅጽል እናት ናት። አማርኛ «ወላጅ እናት» እና «አሳዳጊ እናት» ብሎ ሁለቱን ለይቷል። እንቁላል ሰጥታ ላልወለደችው፣ ላላሳደገችውም ሴት ግን ገና ስም አላወጣም።